ቅጠል ማን ቆጥሮ ጨረሰ

ኮርች የሚያብበው ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን በቆመበት ወራት ነው። ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ መስኩ ገርጥቶ ከብቱ ገለባ በሚያላምጥበት በጥር፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ያልቀረለት ዛፍ በየቅርንጫፉ ጫፍ ቀይ አበባ ያወጣል። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን በየዓመቱ ያያል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም፤ ኮርች አጥር ነዋ! አጥርን ማን ይጠይቃል? እኔን ያስጠየቁኝ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህራችን ናቸው።

ዘመኑ የ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ትምህርት ቤታችን አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረችው፤ እሷም ዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባት የምትኖር፣ እንግዳ ካልመጣ የማትወጣ ነበረች። «ፕራክቲካል» የሚባለው ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ወደ ደብተር መገልበጥ ነው። መምህሩ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጡ ወጣት ነበሩ፤ ይህ ነገር አልዋጥላቸው ብሎ መሰለኝ፣ መስከረም ማብቂያ ላይ አዲስ ሥራ ሰጡን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዛፍ ይመርጣል። በየሳምንቱ ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ሄዶ ያየዋል። ያየውን ከነቀኑ ይጽፋል፤ እስከ ሰኔ። ከዚያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አከሉበት፦ ደብተራችን ውስጥ «ቆንጆ» ወይም «ደስ የሚል» የሚል ቃል ካገኙ ማርክ ይቀንሳሉ። የአማርኛ መምህራችን ይህን ሰምተው ቅር እንዳላቸው በኋላ ተወራ። መጻፍ የነበረብን በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኛ እንግሊዝኛ ግን «ቅጠል ወደቀ» ከማለት አያልፍም ነበርና «በአማርኛም ይሁን፣ ዋናው ቀኑ ነው» ብለው ለቀቁን።

አብዛኛው ልጅ ባሕር ዛፍ መረጠ። ግቢው ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ነው፤ ደግሞም ቁጭ ብለው ሊያዩት ጥላ አለው። የዴስክ ጓደኛዬ «ቅጠሉ አይረግፍም፤ አንዴ ጽፌ በየሳምንቱ እገለብጠዋለሁ» አለኝ። ብልጠቱ ያስቀና ነበር። እኔ ኮርቹን መረጥኩ። ምክንያቴ ከሳይንስ ጋር አይገናኝም፤ ኮርቹ የቆመው ከበሩ አጠገብ፣ ከዘበኛው ማረፊያ ጎን ነው፣ ዘበኛው ደግሞ በጥቅምት የበቆሎ እሸት ይጠብሱ ነበር።

ያኔ ዛፉ ሙሉ ቅጠል ላይ ነበር። የኮርች ቅጠል ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ይወጣል፤ ሦስተኛው፣ የጫፉ፣ ከሁለቱ ተለቅ ይላል። ቅርንጫፉ ላይ አጫጭር እሾህ አለው፣ እንጨቱ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቢላዋ ሲሰኩበት ያለ ድካም ይገባል። «ይሄ እኮ የአጥር ችካል ነበር» አሉኝ ዘበኛው። «እኔው ነኝ ቆርጬ የተከልሁት። ኮርች እንደሁ ክረምት መግቢያ ላይ እንጨቱን መሬት ውስጥ ከሰካኸው ሥር ያወጣል። ሌላው ችካል ምስጥ በላው፤ ይሄ ዛፍ ሆነና ቁጭ አለ።» ይህንን የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብለው መለሱልኝ። ለሰማሁት ሌላ ዓምድ እንድከፍትም አዘዙኝ። ስለዚህ ደብተሬ ስድስት ዓምድ ነበረው፦ ቀን፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ማን መጣበት፣ ማን ምን አለ። የመጨረሻው ዓምድ ዓመቱን ሙሉ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላ ነበር።

ቅጠል የምንቆጥርበትን ቅርንጫፍ ከሳምንት ሳምንት እንዳያምታታን ምልክት አድርጉበት ተባልን። እኔ ከእናቴ የጥልፍ ዕቃ ቀይ ክር ሰርቄ አሰርኩበት። ሰኞ ጠዋት ከበሩ ፊት ሦስት አራት ሴቶች ማድጋቸውን እንዳዘሉ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። አንደኛዋ ሲያዩኝ፦

«ልጄ፣ አንተ ነህ ይሄን ያሰርህ?»

«አዎ እናቴ፣ ለትምህርት ነው።»

«ምኑ ነው ትምህርቱ? አድባር ነው እንዴ ኮርቹ?»

«ኧረ አይደለም፣ ቅጠሉን ልቆጥር ነው።»

«በስመ ሥላሴ!» ብለው አማተቡ። «ቅጠል ማን ቆጥሮ ጨረሰ?»

እኔ ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን አላሳቀም። ቀይ ክር በዛፍ ላይ ማሰር በእኛ ሰፈር ትርጉም ያለው ነገር ነው፤ አንዱ አድባር ሲል ሌላው መተት ይላል። ማክሰኞ ወሬው መምህራን ክፍል ደረሰ። ዘበኛው ክሩን በጥሰው ጣሉት፣ መምህሩም ከክሊኒክ ነጭ ፕላስተር አምጥተው ቁጥር ጽፈውበት ለሁላችንም አከፋፈሉን። ፕላስተር የሚፈራ የለም። የሴትዮዋ ጥያቄ ደግሞ «ማን ምን አለ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ገባ፤ መምህሩም ሲያርሙ ትክክል የሚል ምልክት አደረጉበት።

መጽሐፋችን ውስጥ አንድ ዛፍ በአራት ሥዕል ተስሎ ነበር። በአንዱ አበባ፣ በአንዱ ሙሉ ቅጠል፣ በአንዱ እየረገፈ ያለ ቢጫ ቅጠል፣ በአራተኛው በረዶ የተከመረበት ባዶ ቅርንጫፍ። ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፈው ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ነው ይላል። ለእንግሊዝ ልጅ ልክ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በረዶም የምናውቀው በሐምሌ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ፈተና ላይ ሥዕሉን እንደ ሸመደድነው እንጽፋለን። «እኛ አገር ዛፍ ወቅት የለውም» የሚል ልጅም ነበረን፤ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ላሰበ ሰው የሚያስኬድ ድምዳሜ ነው።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ የኮርቹ ቅጠል ከዳር ከዳሩ ይገረጣ ጀመር። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ዘበኛው ደጁን ሲጠርጉ የሚያነሡት የኮርች ቅጠል ነበር። ያኔ ክፍል ውስጥ ሙግት ተነሣ። ወሩ ውርጭ የሚወርድበት ነው፤ ጋቢ ሳይደርቡ የሚወጣ የለም። «ይኸው ብርድ አራገፈው፤ መጽሐፉ ልክ ነው» ያሉት ብዙ ናቸው። መምህሩ አልፈረዱም። ወንዝ ዳር ያሉትን ኮርቾች አይታችሁ ኑ ብለው ላኩን። ወንዙ ያለው ቆላው ላይ አይደለም፤ ከከተማው ሥር ነው፤ ብርዱ እንዲያውም እዚያ ይብሳል። የወንዙ ኮርቾች ገና ግማሽ ቅጠላቸው ላያቸው ላይ ነበር። ሰኞ ስንመለስ መምህሩ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንዝ ዳር ያለው፣ በር ላይ ያለው የሌለው ምን አለው?»

ውሃ። ቅጠል ውሃ የሚያተንበት ነገር ነው፤ በጀርባው ባሉት ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አየር ሲያስገባ ውሃውን ያስወጣል። አፈሩ ሲደርቅ ያን ሁሉ ሰፊ ቅጠል ይዞ መቆየት ለዛፉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከዘንጉ ሥር ስስ ሽፋን ያበጅና መተላለፊያውን ዘግቶ ይለቀዋል። ቅጠሉ የተነሣበትን ቦታ በማጉያ መነጽር አየነው፤ የተገነጠለ አይመስልም፣ በሥርዓት የተዘጋ ጠባሳ ነው። ነፋስ ያወረደው መስሎን የኖርነው ዛፉ ራሱ ያወረደው ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዙም ዛፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የእሱን ሰዓት የሚሞላው ቀኑና ብርዱ ሲሆን የኮርቹን የሚሞላው በዋነኛነት እርጥበቱ ነው። መጽሐፉ ላይ ያልነበረው ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ከቤታችን ጀርባ አንድ መሪጌታ ይኖሩ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው «እና ይሄን ለማወቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥህ?» አሉኝና ጣታቸውን እየቆጠሩ ዘረዘሩልኝ። መፀው መስከረም 26 ይገባል፤ አበባ ነው፣ እሸት ነው። ሐጋይ፣ ማለትም በጋው፣ ታኅሣሥ 26። ፀደይ መጋቢት 26። ክረምት ሰኔ 26። ከየኔታ ቤት ወጥቼ ደብተሬን ገለበጥኩ። ኮርቹ የመጨረሻ ቅጠሎቹን የጣለው ሐጋይ በገባ ሰሞን ነው። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያንን ነገር ክፍል ውስጥ ማንሳት አይመችም ነበር፤ ለመምህሩ ያሳየኋቸው ከክፍል ከወጣን በኋላ ነው። ዝም ብለው አነበቡና «እንግሊዞቹ ሥዕል ላይ ያስቀመጡት አራት ወቅት የእነሱ ነው፤ ይሄ የእኛ ነው። ደብተርህ ላይ ‹ከየኔታ የሰማሁት› ብለህ ጻፈው፤ ከዚያ እውነት መሆኑን በሚቀጥለው መጋቢት እናየዋለን» አሉኝ። ሰውየው እግዚአብሔርንም ቢሆን ከነቀኑ ካልተጻፈ የሚያምኑ አይመስለኝም።

ጥምቀት ሲቃረብ ባዶው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቡናማ ጸጉር ያለበት ጠጣር ዘለላ ወጣ። አንዱን ቆርጬ በምላጭ ሰነጠቅኩት፦ ከውጭ ሻካራ ነው፣ ከውስጡ ግን ገና ያልተገለጠ ቀይ ንብርብር ተጨቁኖ ተቀምጧል። የሚገለጠው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዘለላ ላይ ከሥሩ የጠወለገ፣ ከመካከሉ የፈካ፣ ከጫፉ ያልተከፈተ አበባ በአንድ ጊዜ ይታያል። ትልቁ ቅጠለ አበባ በርዝመቱ ስለሚታጠፍ ወለሉ ላይ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ይሸፍነዋል። ቅርንጫፉን ዘንበል ሳደርገው እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ላስሁት፤ ይጣፍጣል። ሽታ ግን የለውም።

«ማን መጣበት» የሚለው ዓምድ እስከዚያ ድረስ ጉንዳንና ፍየል ብቻ ነበር የተጻፈበት። ጥር ላይ ቦታ አጠረው። ረጅም ቀጭን ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ከማለዳ ጀምሮ ይመጣሉ፤ ወንዱ በጥላ ጥቁር ይመስልና ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊና መዳብ ይሆናል፣ ከጅራቱ ሁለት ረጃጅም ላባ ይወጣል። ይህ ወፍ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የተከዜን ስም ተሸክሞ የሚዞር የደጋ ወፍ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ንብም አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች፤ አበባው የተሠራው ግን ለወፏ ነው። ንብ ቀይን እኛ እንደምናየው አታየውም፣ ወፍ ግን ታያለች፤ ወፍ በአብዛኛው በሽታ አትመራም፣ ስለዚህ አበባው ሽቶ አያስፈልገውም። ቅጠል መካከል ያልተደበቀ አበባ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ቅጠሉ መርገፉ ለአበባው ጥርጊያ ሆነለት ማለት ነው።

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው የከፋው። ውሃ ስላጠረው ቅጠሉን የጣለ ዛፍ፣ ከሁሉ ይልቅ ደረቅ በሆነው ወር ያን ሁሉ ፈሳሽ ከየት አመጣው? ክፍሉን ሙሉ ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ሆነ። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ነው ያሉ ነበሩ። ዘበኛው «ኮርች ሆዱ ውሃ ነው፤ ለማገዶ አይሆንም፣ ያጨሳል እንጂ አይነድም» ብለው ነበር፤ ይህም በስድስተኛው ዓምድ ሰፍሯል። መምህሩ ይህንን አነበቡና «እንግዲህ እንመዝነው» አሉ።

ሚዛን የለንም። ከበሩ ማዶ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ በርበሬና ስኳር የሚሰፍሩበትን ሚዛን አስፈቀድን። አንድ የኮርች ቁራጭ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ቁራጭ፣ በውፍረትም በርዝመትም እኩል አድርገን ቆርጠን መዘንን። ከዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ሰጠናቸው። ስንመለስ የኮርቹ ክብደት ከግማሽ በላይ ጠፍቷል፤ አንሥቼ የያዝኩት ጊዜ እጄ ክብደቱን ጠብቆ ወደ ላይ ተሳሳተ። ባሕር ዛፉ ያን ያህል አልቀነሰም። ነጋዴው ከደንበኞቻቸው ጋር ቆመው አይተው «እንዲህ ያለ ዕቃ ነው የሚሸጥልን፤ ውሃ ነክረው» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ከዘመናት በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። ሮልፍ ቦርኸርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ኮስታ ሪካ ውስጥ ስላሉ የደረቅ ደን ዛፎች ሲጽፍ፣ እንጨታቸው ቀላልና ውሃ የሚይዝ ዛፎች በግንዳቸው ያከማቹትን ይዘው በደረቁ ወራት ማበብ እንደሚችሉ አሳይቷል። ቅጠሉ ሲረግፍ ማትነኑ ይቆማል፤ ግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ለአበባው ይተርፋል። ዘበኛው «ሆዱ ውሃ ነው» ያሉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቦርኸርት መዝኖ ጻፈው፣ ዘበኛው ማገዶ ሲያነዱ ደረሱበት።

ሚዛን ከተነሣ አይቀር፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችንን ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ «ቋራ» ብሎ የጠራውን ዛፍ አስፍሯል፤ ዘሩ ወርቅ ለመመዘን ያገለግል እንደነበርም ጽፏል። ይህ ዛፍ ከኮርች ወገን ነው። ወገኑ አገራችን ውስጥ ሁለት ስመ ጥር ዓይነት አለው። አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ «አቢሲኒካ» ቢሆንም ከእኛ ተነሥቶ ምሥራቅ አፍሪካን ይዞ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። ሌላው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በተፈጥሮ የትም የማይበቅለው፣ የተሰየመው በብሩስ ስም ነው። የእኛ ብቻ የሆነውን ለስኮትላንዳዊው፣ የጋራውን ለእኛ ሰጡን። ስም አውጪዎች ዓርብ ዓርብ እየመጡ አላዩትም ማለት ነው።

መጋቢት ላይ በአበባው ፈንታ አባጣ ጎርባጣ ፍሬ ተንጠለጠለ፤ ስለ ፍሬው ብዙ የጻፍኩት የለም። በዚያ ወር ሁላችንም የምንጠብቀው የየኔታን 26 ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን እሑድ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ግቢው ተዘግቶ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥዬ ማየቴን ነው። ምንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ግን ፕላስተር ያለበት ቅርንጫፍ ላይ የታጠፉ፣ ጸጉር ያላቸው፣ ገና ያልተዘረጉ ሦስት ሦስት ቅጠሎች ወጥተዋል። ዝናቡ አልገባም፤ አልፎ አልፎ አቧራ ከማስተኛት በቀር ጠብ ያለ ነገር የለም። ዛፉ ዝናቡን ሳይጠብቅ ተዘጋጀ። ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል እንጂ ከዝናቡ በኋላ መስፋት አይጀምርም። ገበሬውም እርፍና ማረሻውን የሚያበጃጀው ከዝናቡ በፊት ነው።

ጓደኛዬም በዚያ ሰሞን ከባሕር ዛፉ ጋር ታረቀ። በየሳምንቱ «ለውጥ የለም» ብሎ እየገለበጠ ሳለ፣ ተቆርጦ ካቆጠቆጠው ጉቶ ላይ ያለው ቅጠል ክብና ሰማያዊ ቢጤ፣ ፊት ለፊት የተጣመረ መሆኑን፣ የትልቁ ዛፍ ቅጠል ደግሞ እንደ ማጭድ የቀጠነ መሆኑን አየ። አንድ ዛፍ በልጅነቱና በጉልምስናው ሁለት ዓይነት ቅጠል እንዳለው ጽፎ ሲያስረክብ ከክፍሉ ከፍተኛውን ማርክ እሱ አገኘ። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። ይህንን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይህ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው፦ የትምህርት ዘመናችን የተሠራው ክረምትን ለመዝለል ነው፣ ክረምት ደግሞ ለዛፍ ዋናው የሥራ ወቅት ነው። ቅርንጫፍ የሚረዝመው፣ ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እባጮች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ መሬቱን የሚያዳብሩት ያኔ ነው። መስከረም ስንመለስ ያለፉትን ወራት የምጠይቀው ዘበኛውን ነበር። እሳቸው ቀን በቁጥር አይናገሩም። «ሰኔ ሚካኤል ዕለት ቅጠሉ ሙሉ ነበር። ለሐምሌ ገብርኤል በረዶ መታና ጫፍ ጫፉን በሳሳው። ፍልሰታ ሲፈታ ግን አገግሞ ነበር።» ሁሉንም ወደ ቀን ቀየርኩት፦ ሰኔ 12፣ ሐምሌ 19፣ ነሐሴ 16። ከእኛ የዓርብ ጉብኝት ይልቅ የእሳቸው ይጠራ ነበር፤ እኛ በሳምንት አንድ ቀን ነበርን፣ እሳቸው በየቀኑ። የጎደላቸው ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱም ቢሆን ብዙ አልቆየም። በዓመቱ ማብቂያ የተሰበሰቡት ደብተሮች ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ግምጃ ቤቱ ሲጸዳ በኪሎ ተሸጡ። እኔ ያወቅሁት ያው ሚዛን ያዋሱን ነጋዴ ዘንድ ሩብ ኪሎ ስኳር ስገዛ ነው። የተጠቀለለልኝ በአንዲት የዝግባ ደብተር ገጽ ነበር፦ ቀን፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ። የእኔን ፈልጌ አላገኘሁም። በጃፓኗ ኪዮቶ ግን የቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኮሳት የቼሪ አበባ የፈካበትን ቀን በየማስታወሻቸው ሲጽፉ ኖረው፣ ዛሬ ተመራማሪዎች ከ1,200 ዓመት ወዲህ የጸደዩን አገባብ የሚያነቡት ከዚያ ነው። እኛ አገር ውስጥ የፀደይን መግቢያ በቀን ቆርጦ የሚያውቅ ሊቅ፣ በረዶ የመታበትን ዕለት በታቦት ስም የሚያስታውስ ዘበኛ አለ። ሁለቱንም ያገናኘው የአንድ ዓመት ደብተር ስኳር ተጠቀለለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ቁጥሩ አላስደነገጠኝም፤ መቁጠር እንችላለን። ያሰብኩት መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለየተማሪው አንድ አንድ ችግኝና አንድ ደብተር የሚሰጥ መምህር ይኖር እንደሆነ ነው። ዋጋው የደብተር ዋጋ ነው።

የባሕር ዛፉ ጓደኛዬ አሁን የሚኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው። በሄደበት የመጀመሪያ ዓመት መጸው ላይ ከመኪናው ወርዶ ያነሣውን ፎቶ ላከልኝ፤ ቢጫና ቀይ ቅጠል የለበሰ የመንገድ ዳር ዛፍ። ከሥሩ «የመጽሐፉ ዛፍ፣ ሥዕል ሦስት» ብሎ ጽፎበታል። ጥር ላይ ሥዕል አራት መጣ፣ በረዶ የተከመረበት። አሁን ልጆቹን ይዞ በየዓመቱ የሚሄደው የቶኪዮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠቻቸውን የቼሪ ዛፎች ለማየት ነው። እዚያ ከአበቦቹ 70 ከመቶው የተከፈቱበትን ዕለት የፓርኩ ሰዎች «ዋናው ፍካት» ብለው ያውጃሉ፤ መዝገቡም ከ1921 ጀምሮ አለ። ዕለቱ በአማካይ የሚውለው በእኛ መጋቢት 25 ገደማ ነው። ይህን ሲነግረኝ «የየኔታ ፀደይ አሜሪካ ድረስ ደረሰ በላ!» አልኩት።

«እዚያ ሌላ ምክንያት ነው» አለኝ፤ «ሙቀቱ ነው። ሁለቱን አታምታታ።»

ልክ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው።

ባለፈው የካቲት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። የትምህርት ቤቱ አጥር ግንብ ሆኗል፤ በሩ አጠገብ ያለው ኮርች የለም። ወደ ወንዙ ወርጄ ያሉትን አየሁ፤ አበባ ላይ ነበሩ፣ ዘለላቸው ከግማሽ በላይ ወደ ላይ ተከፍቷል። ቀኑን ጽፌ ፎቶ ላክሁለት። ማታ ደወለ።

«የካቲት 4? የእኛ ጊዜ በዚህ ሰሞን ጠውልጎ አልነበረም?»

«ደብተሩ የለም እኮ፣ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ አስታውሳለሁ፤ ለኪዳነ ምሕረት ፍሬ ላይ ነበር።»

«አንተ የባሕር ዛፍ ነበርህ!»

«ሥራ ስላልነበረኝ ያንተን ነበራ የማየው» አለ።